በካቶሊክ ቁምስና በበጎ ፈቃድ ማገልገል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማኅበር ለመግባት ወይም በአንድ የአገልግሎት ክፍል ለመሳተፍ የሚያስቡ ምእመናን ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ በዋናነት በኢትዮጵያ ያሉትን ቁምስናዎች (የካቶሊክ አጥቢያዎች) ያሰቡ ናቸው፤ በውጭ አገር ለሚኖሩም ወደ መጨረሻው አካባቢ የሚሆን ነገር አለ። የየቁምስናው ልማድ ስለሚለያይ ከመጀመርዎ በፊት ቆሞስዎን፣ ማለትም የቁምስናውን ኃላፊ ካህን፣ ያነጋግሩ።

በአንድ ቁምስና ውስጥ ምን ዓይነት ማኅበራትና የአገልግሎት ክፍሎች ይገኛሉ?

እንደ ቁምስናው ስፋትና ዕድሜ ይለያያል። በብዙ ቦታ የሚገኙት መዘምራን፣ አንባቢዎች፣ በመቅደስ የሚያገለግሉ ልጆችና ወጣቶች፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወይም ካቴኪስቶች፣ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት፣ የልበ ኢየሱስ ማኅበር፣ ሌጊዮ ማሪያ እና የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ናቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ጎረቤታሞች የሆኑ ጥቂት ቤተሰቦች በየቤታቸው እየተገናኙ ቃለ እግዚአብሔርን የሚያነቡበትና እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ንዑስ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰብ አለ። የኢትዮጵያ ጳጳሳትም አባል የሆኑበት የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤዎች ኅብረት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን አደረጃጀት የሐዋርያዊ ሥራው መሠረት አድርጎ ይዞታል።

ስም ያልወጣለትም አገልግሎት ብዙ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርጉ፣ የመሠዊያውን ልብስ አጥበው የሚተኩሱ፣ ድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክሉ፣ በር ላይ ቆመው አዛውንቱን ደግፈው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ስብሰባ የማይወዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው።

ዕድር አለኝ፤ የጽዋ ማኅበርም አለኝ። የቁምስና ማኅበር ምን ይጨምርልኛል?

ዕድር የቆመው ለአባላቱ ነው። ያዋጣ ሰው በኀዘኑ ቀን ድንኳኑም ሰዉም ይመጣለታል፤ ይህም ሊተካ የማይችል ነገር ነው። የቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበር ግን በዋናነት የተቋቋመው ላላዋጣው ሰው ነው። መዋጮ መክፈል አቅቶት ከዕድሩ የቀረ፣ የቤት ኪራይ እያባረረው ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወር፣ ልጆቹ ርቀው ብቻውን የቀረ አዛውንት በማንም መዝገብ ላይ የለም። እርሱን ፈልጎ ማግኘት የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው። በዕድር የተማሩትን፣ ማለትም ተራ መጠበቅን፣ መዝገብ መያዝን፣ በተባለው ሰዓት መገኘትን ይዘው ይምጡ፤ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ይጠቅማል።

የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር እንዴት ተጀመረ? ዛሬስ ምን ይሠራል?

ታሪኩ ስለ አገልግሎት ብዙ ስለሚያስተምር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። በ1617 (እ.ኤ.አ.) በነሐሴ ወር አባ ቪንሴንት ሻቲዮን በምትባል ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ቆሞስ ነበሩ። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ሳለ አንዲት ሴት ገብታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቤት ቤተሰቡ በሙሉ በሕመም እንደ ወደቀና የሚረዳው ሰው እንደሌለ ነገረቻቸው። በስብከታቸው ላይ ጉዳዩን ለሕዝቡ አነሡ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ሊጠይቁ ሲሄዱ መንገዱ ምግብ ይዘው በሚሄዱና አድርሰው በሚመለሱ ሴቶች ተሞልቶ አገኙት፤ ሙቀቱ በርትቶባቸው መንገድ ዳር አረፍ ያሉም ነበሩ።

ቪንሴንት በሕዝቡ ደግነት ልባቸው ተነካ። ነገር ግን ያ ሁሉ ምግብ በአንድ ቀን ተበልቶ እንደማያልቅ፣ ከፊሉ እንደሚበላሽ፣ ጥቂት ቀናት ሲያልፉ እነዚያው ሕሙማን ባዶ ቤት እንደሚቀሩ አስተዋሉ። ስለዚህ ሴቶቹን ሰብስበው በየቀኑ ተራ እየያዙ እንዲያበስሉና እንዲያደርሱ አደረጉ። በዚያው ዓመት በጸደቀው ደንባቸው ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ መመሪያ አለ፦ ባለ ተራዋ ሕሙማኑን ስታዳርስ አስታማሚ ካላቸው ትጀምራለች፤ ብቻቸውን ያሉትን መጨረሻ ላይ ታደርጋለች፤ ይህም ከእነርሱ ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቆይ ነው። ይህን የጻፈ ሰው የሕመምተኛን ቤት ከውስጥ ያውቀዋል።

ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የምእመናን ማኅበር የተመሠረተው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1833 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ነው። መሥራቾቹ ፍሬዴሪክ ኦዛናም የተባለ የሃያ ዓመት ተማሪና ባልንጀሮቹ ናቸው። የሚጎበኟቸውን ድሆች ቤት ያሳየቻቸውና እንዴት እንደሚቀርቧቸው ያስተማረቻቸው ሮዛሊ ራንዱ የተባለች ደናግል እኅት ነበረች። ሁለቱም ዛሬ ብፁዓን ተብለው ይጠራሉ። ለእኛም አገር ታሪኩ ሩቅ አይደለም፤ በ1839 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጡትና ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይላቸው የነበሩት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ቪንሴንት ባቋቋሙት የካህናት ማኅበር አባል ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስም የዚሁ ማኅበር አባል ናቸው።

የምእመናኑ ማኅበር ሥራ ሁለት ሁለት ሆኖ ቤት ለቤት መጎብኘት ነው። አባላቱ በየጊዜው ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ የጎበኟቸውን ሰዎች ሁኔታ ይወያያሉ፣ ምን እንደሚደረግ ይወስናሉ። በስብሰባው ላይ ከረጢት ይዞራል፤ ሁሉም እጁን ከትቶ ያወጣል። ማን ምን ያህል እንደሰጠ አይታወቅም። በዚያ ሳምንት ምንም ያልነበረውም እንደ ሌላው እጁን ከትቶ ያወጣል።

ሌጊዮ ማሪያ ለድሆች ገንዘብም ሆነ እህል አይሰጥም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙዎችንም ግር ያሰኛል። ሌጊዮ ማሪያ (የማርያም ሠራዊት) መስከረም 7 ቀን 1921 (እ.ኤ.አ.) በደብሊን ከተማ ፍራንክ ደፍ በተባለ የመንግሥት ሠራተኛና በጥቂት ሴቶች ቆራጥነት የተጀመረ ማኅበር ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራው ሆስፒታል የተኙ ሴቶችን መጠየቅ ነበር። ደንቡ አባላት ቁሳዊ እርዳታ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም። እጁ ላይ ዳቦ ያለው ጎብኚ የሚገባበት በር ለዳቦው ይከፈታል፤ ዳቦው ያላስፈለገው ቤት ደግሞ "ምነው እኛን ደሃ አሉን" ብሎ ይዘጋል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ግን ሀብታሙንም ደሃውንም፣ ከቤተ ክርስቲያን የራቀውንም እኩል ሊጠይቅ ይችላል። ጎብኚው ቤቱ ውስጥ ረኀብ ካየ ለቆሞሱ ወይም ለበጎ አድራጎት ማኅበሩ ያሳውቃል። ሁለቱ ማኅበራት ተቀናጅተው የሚሠሩበት ቁምስና የታደለ ነው።

አባላቱ በየሳምንቱ መቁጠሪያ ጸልየው ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም የተመደበለትን ሥራ መፈጸሙን ያስታውቃል። ሳምንታዊ ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቃሉን ለሚያከብር ሰው እጅግ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ሕመምተኛ ልጠይቅ ስሄድ ምን ማወቅ አለብኝ?

በመጀመሪያ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከቤተሰቡም ጋር ሰዓት ይነጋገሩ። ጠዋት የሚታጠቡበት፣ ቁስላቸው የሚታሰርበት፣ መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት የሚገባ እንግዳ ያሳፍራቸዋል።

ሲገቡ አልጋው ላይ አይቀመጡ። ወንበር ወይም በርጩማ ስበው ፊታቸውን በሚያዩበትና እርሳቸውም አንገታቸውን ሳያዞሩ በሚያዩዎት በኩል ይቀመጡ። ጮክ ብለው አይናገሩ፤ የታመመ ሁሉ ደንቆሮ አይደለም። "እማማ፣ ዛሬ እንዴት አደሩ?" ብለው ጠይቀው መልሱን ይጠብቁ። ብዙ ጎብኚ ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱ ሳይመጣ ወደ ጎረቤት ወሬ ይሻገራል። ሰለቸኝ ቢሉ፣ ሞትን ቢመኙ፣ በእግዚአብሔር ላይ ቢያማርሩ ቶሎ ብለው አይገሥጹአቸው። ኢዮብም ተማርሯል፤ ባልንጀሮቹ የተወቀሱት ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡባቸው ሰባት ቀናት ሳይሆን አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

ስለ ሕክምና ምክር አይስጡ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አስቁመው ጸበል ብቻ ወይም ጸሎት ብቻ ይበቃል ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። ጸሎቱ አጭር ይሁን፤ አባታችን ሆይ እና እመቤታችን ሆይ ሰላም ላንቺ ይሁን ብዙዎቹ በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ከንፈራቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ሕሙማን ሳይቀሩ አብረው ይላሉ። ቡና ቢቀርብልዎ ይጠጡ፤ ቤቱ ምንም የሌለው መሆኑን ካወቁ ግን አስቀድመው "ዛሬ እንቸኩላለን" ማለት ይሻላል። ያዩትንና የሰሙትን ደግሞ ለማንም አያውሩ። የማኅበር ስም የሚጠፋው በገንዘብ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በቤት ጓዳ የታየ ነገር ቡና ላይ ሲነሣም ነው።

አስታማሚዋን አይርሷት። ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም ምራት ናት፤ እንቅልፍ ከዓይኗ ከራቀ ቆይቷል። "እኛ እስከ አሥር ሰዓት እዚህ ነን፤ ገበያሽን ደርሰሽ ነይ" ማለት ለእርሷ ከስንት ስጦታ ይበልጣል።

ምእመን ሆኜ ቅዱስ ቁርባን ለሕሙማን ማድረስ እችላለሁ?

በየትኛው ሥርዓት እንዳሉ ይወሰናል። በኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት የአምልኮ ሥርዓቶች፣ ግዕዝና ላቲን፣ አሉ። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር-ደሴ የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉ አህጉረ ስብከት ናቸው፤ በዚህ ሥርዓት ቅዱስ ቁርባን ማቀበል የካህናትና የዲያቆናት አገልግሎት ነው። እንደ መቂ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሀዋሳና ነቀምት ባሉት የላቲን ሥርዓት ሐዋርያዊ አስተዳደሮች ግን ካህን በማይደርስበት ጊዜ የሠለጠኑና ፈቃድ የተሰጣቸው ምእመናን ሊያቀብሉ ይችላሉ። በግዕዝ ሥርዓት ያለ ጎብኚ ትልቁ አስተዋፅኦው ማን ቁርባንና ምስጢረ ቀንዲል (የሕሙማን ቅባት) እንደሚፈልግ ለቆሞሱ በጊዜው መንገር ነው። ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ብቻ ካህን መጥራት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምስጢረ ቀንዲል ለሚሞቱ ብቻ ሳይሆን በብርቱ ለሚታመሙ ሁሉ ነው።

አንባቢ ለመሆን ድምፄ ማማር አለበት?

የለበትም። ንባቡ መሰማትና ለአድማጩ ግልጽ መሆን አለበት። ቅዳሜ ዕለት ጮክ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመዱት፤ እንደ ተሰሎንቄና ፊልጵስዩስ ያሉ ስሞች ላይ ሲደርሱ እንዳይደናቀፉ ይጥሩ። የቅዱስ ጳውሎስ ዓረፍተ ነገሮች ረጃጅሞች ስለሆኑ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ከስልክ አያንብቡ።

የሴቶች ድርሻ ምን ያህል ነው?

በተግባር አብዛኛው የቁምስና አገልግሎት በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በላቲን ሥርዓት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) የአንባቢነትና የመቅደስ አገልጋይነት ሹመት ለሴቶችም እንዲሰጥ ሕጉን አሻሽለዋል፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ደግሞ ካቴኪስትነትን ለወንድም ለሴትም የሚሰጥ ቋሚ ሹመት አድርገው አቋቁመዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጎን ነው። ሴቶቹ ምግብ ያበስላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ሕሙማን ይጠይቃሉ፤ የቁምስናው ምክር ቤት ወንበሮች ላይ ግን ወንዶች ይበዛሉ። ሥራውን የሚሠራው ሰው ውሳኔውም ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ለማስተማር ምን ያስፈልጋል?

ሃይማኖትን ማወቅና መኖር፣ ሥልጠና መውሰድ፣ ልጆችን መውደድ። በገጠር ብዙ ጸሎት ቤቶች ካህን የሚያዩት አልፎ አልፎ ነው፤ በቀሩት እሑዶች ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያስጸልየው፣ ንባቡን የሚያስነብበው፣ ለጥምቀትና ለጋብቻ የሚያዘጋጀው ካቴኪስቱ ነው። በእግሩ ወንዝ ተሻግሮ የሚሄድ አለ። የካቶሊክ እምነት በደቡብ የአገራችን ክፍል የተስፋፋበትን ታሪክ ካቴኪስቶችን ትቶ መናገር አይቻልም።

ለልጆች ደኅንነት ሲባል የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻዎን አይሁኑ፤ ትምህርቱ ሌሎች አዋቂዎች በሚያዩት ቦታ ይሁን፤ ጉዞ ሲኖር የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ መምታት ፈጽሞ አይፈቀድም። በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከጠረጠሩ "የቤተ ክርስቲያን ስም ይጠፋል" ብለው ዝም አይበሉ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሕግ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት አቤቱታ የሚቀበልበት መንገድ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ለመንግሥት ሕግ አስከባሪዎችም ማመልከት ይገባል። ዝም የተባለበት ልጅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው።

የቁምስና ምክር ቤት ምን ሥልጣን አለው?

የሐዋርያዊ ሥራ ምክር ቤቱ የሚመክር እንጂ የሚወስን አካል አይደለም፤ የመጨረሻው ውሳኔ የቆሞሱ ነው። ይህ ማለት ግን ስብሰባው ለይስሙላ ነው ማለት አይደለም። ካህን ይቀያየራል፤ ምእመናኑ ግን እዚያው ናቸው፤ የትኛው ሰፈር እንደተረሳ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከዚህ የተለየ የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤትም አለ፤ በላቲን ሥርዓት ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና እንዲኖረው ይገደዳል።

ማኅበራችን የሚሰበስበው ገንዘብ እንዴት ይያዝ?

ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ይቁጠሩ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ደረሰኝ ይሰጥ። ገንዘቡ በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ወይም በቁምስናው ስም ባንክ ይቀመጥ፤ ለማውጣትም ከአንድ በላይ ፊርማ ይጠየቅ። ሒሳቡ ለአባላት በየጊዜው ይነበብ። ይህ ሥርዓት ታማኙን ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ገንዘብ ያዥዎ ቅዱስ ቢሆን እንኳን አይተዉት።

ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ናት። አብራኝ ማገልገል ትችላለች?

በአገራችን እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ሕመምተኛ መጠየቅ፣ ለድሆች ማብሰል፣ ልብስ ማሰባሰብ፣ ግቢ ማጽዳት ለማንኛውም በጎ ፈቃድ ላለው ሰው ክፍት ነው። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የማዘር ቴሬዛ ቤት ልብስ የሚያጥቡና ሕሙማን የሚያበሉ በጎ ፈቃደኞች የሃይማኖት መታወቂያ አይጠየቁም። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማርና የአንዳንድ ማኅበራት ሙሉ አባልነት ግን ለካቶሊካውያን ነው። ሃይማኖቷን እንድትቀይር በአገልግሎት ሰበብ ጫና ማድረግ ነውር ነው።

የምኖረው በውጭ አገር ነው። እንዴት ልጀምር?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ለምሳሌ በአቡ ዳቢና በዱባይ፣ ካቶሊክ ቁምስናዎች በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይቀድሳሉ፤ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ በሆነባቸው አገሮች የዓርብ ቅዳሴም አለ። በሰው ቤት የምትሠራ እኅት በወር አንድ ቀን ብቻ ልትወጣ ትችላለች፤ ከእርሷ ሳምንታዊ ስብሰባ መጠበቅ አይገባም። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ትልቁ አገልግሎት ስሟን የሚያውቅና የቀረችበትን እሑድ ወይም ዓርብ አስተውሎ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

በአሜሪካ የግዕዝ ሥርዓት ማኅበረሰቦች አሉ፤ በዋሽንግተን የሚገኘው ኪዳነ ምሕረት አንዱ ነው። በአቅራቢያዎ ከሌለ በአካባቢው ቁምስና መመዝገብ ይችላሉ። እዚያ ከልጆች ጋር ለማገልገል የወንጀል መዝገብ ምርመራና ሥልጠና ይጠየቃል፤ አንዳንድ ቦታ አሻራም ይወሰዳል። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን እንደ ስድብ ቆጥረው ይመለሳሉ። የአሜሪካ ጳጳሳት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁሉንም፣ ካህናቱን ጭምር፣ የሚጠይቁት ነገር ስለሆነ ቅር አይበልዎ።

ከመዘምራን ጋር ተጣልቻለሁ። ማኅበሩን ልተወው?

ወዲያውኑ አይተዉት። መጀመሪያ ከተጣሉት ሰው ጋር ለብቻ ይነጋገሩ፤ ካልሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ይግባ፤ ቆሞሱ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው በር አይሁኑ። ከዚያም በኋላ ሰላም ካልወረደ ክፍል መቀየር ኃጢአት አይደለም።

ማረፍ ስፈልግስ?

ይናገሩና ይረፉ። ልጅ የወለደች፣ ፈተና የደረሰበት፣ ወላጁን የሚያስታምም ሰው ከአገልግሎት ለጊዜው ቢወጣ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ችግሩ ሳይናገሩ መቅረት ነው፤ በእርስዎ ተራ የሚጠብቅዎ ሰው ምሳ ሳይበላ ይውላል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የሚጎበኟቸውን ሰዎች ቤት ለሚተካዎ ሰው ያሳዩ፤ አንድ ጊዜ አብራችሁ ሂዱ። በሩን የት በኩል እንደሚያንኳኳ፣ ውሻው እንደሚናከስ፣ እማማ ቡና እንደማይጠጡና ሻይ እንደሚወዱ ይንገሩት።